በኮሎራዶ የተራራ ሐይቆች ላይ ካያክ መቅዘፍና ድንኳን ተክሎ ማደር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዴንቨርና በኦሮራ የምንኖር ሐበሾች ተራሮቹን በየቀኑ እናያቸዋለን፤ ከሥራ ስንወጣ ፀሐይ የምትጠልቀው ከእነሱ ጀርባ ነው። ወጥቶ የሚያድርባቸው ግን ጥቂት ነው። እኔ ሰመር በመጣ ቁጥር ወዳጆቼንና የወዳጆቼን ወዳጆች ይዤ ዲለንና ግራንድ ሌክ ወደሚባሉት ሐይቆች እወጣለሁ፤ ከመሄዳችን በፊት ስልኬ ላይ የሚመጡት ጥያቄዎችም ሁልጊዜ ያው ናቸው። መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ሰዓት የምጠቅሰው በሐበሻ አቆጣጠር ነው፣ ወሩና ዓመቱ ደግሞ በፈረንጅ። በሐበሻ ሰዓት ስል ታዲያ አቆጣጠሩን እንጂ መዘግየቱን አይደለም፤ ለምን እንደሆነ ከታች ታያላችሁ።

ለጀማሪ የትኛው ሐይቅ ይሻላል?

እኔን ብትጠይቁኝ ግራንድ ሌክና ከጎኑ ያለው ሻዶ ማውንቴን። ግራንድ ሌክ በኮሎራዶ ካሉት የተፈጥሮ ሐይቆች ትልቁ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,550 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል፤ በምሥራቅ በኩል የሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ተራሮች ቀጥ ብለው ቆመውበታል። ከከተማዋ ዳርቻ ካያክ (በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ጀልባ) ተከራይታችሁ በጠባቡ ቦይ ወደ ሻዶ ማውንቴን መሻገር ይቻላል። ሻዶ ማውንቴን ጥልቀቱ አነስተኛ ነው፣ ትንንሽ ደሴቶች አሉት፤ ዳር ዳሩን ይዞ ለሚለማመድ ሰው የተመቸ ነው።

ዲለን ቅርብ ነው፣ ከዴንቨር 110 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ከፍታው 2,750 ሜትር ገደማ፣ የዳርቻው ርዝመት ወደ 43 ኪሎ ሜትር። ሰፊ በመሆኑ ግን ነፋስ ሲነሳ የሚከልል ነገር የለም። እዚያ የምትጀምሩ ከሆነ ከፍሪስኮ ባሕረ ሰላጤ አትውጡ።

ብሬናርድ ሌክ ትንሽና እጅግ ውብ ነው፤ ከ3,100 ሜትር በላይ ስለሆነ ግን ለመጀመሪያ ጉዞ አልመክረውም። ለመኪናም አስቀድሞ ሰዓት ማስያዝ ያስፈልጋል። ትዊን ሌክስ ራቅ ይላል፤ ከኮሎራዶ ተራሮች ሁሉ ረጅሙ ከሆነው ከማውንት ኤልበርት ሥር ነው ያለው። ኤልበርት 4,401 ሜትር ነው። ልጆቻችሁ «ዋው» ሲሉ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ እንደሆነና ከአላስካ በቀር በመላ አሜሪካ የሚስተካከለው ተራራ እንደሌለ ንገሯቸው። እኔ ይህን ሳልናገር ያለፍኩበት ጉዞ የለም።

በየፎቶው የምናየው፣ በሮኪ ማውንቴን ፓርክ ውስጥ ያለው ቤር ሌክ የሚባለው ሐይቅስ?

እዚያ ጀልባ ክልክል ነው። በእግር ዙሩት።

መቼ ነው የሚኬደው?

ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ። በግንቦት የዲለን በረዶ ገና መሟሟቱ ነው። በሰኔ መጀመሪያ ሐይቁ ክፍት ቢሆንም ውሃው በረዶነቱን አልረሳም፣ የካምፕ ቦታዎቹም ሁሉ ላይከፈቱ ይችላሉ። የእኔ ምርጫ ከሌበር ዴይ (በመስከረም መጀመሪያ ከሚውለው የአሜሪካ የሠራተኞች ቀን) በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ናቸው፤ ሰዉ ይቀንሳል፣ ነጎድጓዱ ይቀንሳል፣ የአስፐን ዛፎች ቢጫ መሆን ይጀምራሉ። ልክ በአዲስ ዓመታችን ሰሞን ማለት ነው። አደይ አበባ ባይኖርም ቢጫው አለ።

ዋና አልችልም። መቅዘፍ እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ላይፍ ጃኬታችሁ (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው ሰደርያ) ተለብሶ፣ ዚፑ ተዘግቶ፣ ማሰሪያው ከጠበቀ። እውነቱን ለመናገር አዲስ አበባ ካደግነው ውስጥ ዋና የሚችለው ስንቱ ነው? እኔም የተማርኩት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። በተራራ ሐይቅ ላይ ግን ዋና መቻል ሰው የሚያስበውን ያህል አያድንም። ጎበዝ ዋናተኞች የሚሰምጡት ቅዝቃዜው ስለሚቀድማቸው ነው፤ ስለዚህ ከማይችለው ይልቅ የምፈራው «እኔ እችላለሁ» ብሎ ጃኬቱን መቀመጫው ሥር የሚያስቀምጠውን ነው።

የኮሎራዶ ሕግ በጀልባው ላይ ላለ ለእያንዳንዱ ሰው ልኩ የሆነ ላይፍ ጃኬት እንዲኖር ያዛል፤ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ደግሞ ውሃ ላይ እስካሉ ድረስ ለብሰውት መቆየት አለባቸው። ልኩን ለማወቅ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ከአገጭ ካለፈ ሰፊ ነው። ለትንንሽ ልጆች በእግራቸው መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለውን ፈልጉ።

ውሃው እውነት ያን ያህል ይቀዘቅዛል?

ይቀዘቅዛል። ከላይ የምታዩት በረዶ ነው ቀልጦ የወረደው። ፀሐዩ ፊታችሁን እየጠበሰው እግራችሁ ውሃ ውስጥ ይደነዝዛል፤ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው፣ የሚለብሰው ለአየሩ እንጂ ለውሃው አይደለምና።

የቀዝቃዛ ውሃ አስተማሪዎች አንድ፣ አሥር፣ አንድ የሚሉት ቁጥር አላቸው። ስትወድቁ የመጀመሪያው 1 ደቂቃ የትንፋሽ ነው፦ ሰውነት ደንግጦ አየር በኃይል ይስባል፣ በዚያች ቅጽበት አፋችሁ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚገባው ውሃ ነው። ከዚያ እጅና እግር በደንብ የሚታዘዙበት 10 ደቂቃ ያህል አለ፤ የምታደርጉትን ሁሉ በዚያ ውስጥ ነው የምታደርጉት። ከቅዝቃዜው ብዛት ራስ እስከ መሳት ለመድረስ ግን 1 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ ጃኬት ካላችሁ። ብዙ ሰው «በርዶት ሞተ» የሚባለው በእርግጥ የሚሞተው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሰምጦ ነው።

እኔ ራሴ አንድ ዓመት በሰኔ ከዳር 30 ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ተገልብጫለሁ። ስልኬ እንዳይረጥብ ወደ ኋላ ዞሬ ቦርሳ ልዘጋ ስል ነው። ጓደኛዬ «ደህና ነህ?» ሲለኝ መመለስ አቃተኝ፤ አማርኛውም እንግሊዝኛውም ጠፋ። ይዞኝ የወጣው ጃኬቱ ነው፣ ጉልበቴ አይደለም።

ስለ ልብስ፦ ጂንስና የጥጥ ሹራብ ይዛችሁ አትግቡ፣ ከረጠበ አይደርቅም፣ ሙቀትም አይዝም። ስፖርት የሚሠራበት ሰው ሠራሽ ጨርቅ ወይም ሱፍ ይሻላል። ጋቢ? ጋቢ ጥጥ ነው፤ ስለዚህ ቦታው ካያኩ ላይ ሳይሆን መኪና ውስጥ ነው። ስትወጡ ግን ከጋቢ የሚበልጥ ነገር ገበያ ላይ እስካሁን አላገኘሁም።

ብገለበጥ ምን አደርጋለሁ?

አትዋኙ፤ መጀመሪያ ጀልባውን ያዙ። ትንፋሻችሁ እስኪረጋጋ ድረስ ይዛችሁ ብቻ ቆዩ። ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ዓይነት ካያክ ከሆነ ከጎኑ ይዛችሁ ወደ ትክክለኛው ፊቱ ገልብጡት፣ እግራችሁን ወደ ኋላ እያራገባችሁ በሆዳችሁ ውጡበት፣ ከዚያ ዞራችሁ ተቀመጡ። ይህን ዳር ላይ፣ ውሃው ወገብ በሚደርስበት፣ ዋና በሚፈቀድበት ሐይቅ አንዴ ሞክሩት። ልጆች ይስቃሉ፣ አዋቂዎችም ይማራሉ። ውስጡ የሚገባበት ዓይነት ካያክ ግን ውሃ ይሞላል፣ ብቻን ተመልሶ ለመግባት ሥልጠና ይጠይቃል፤ ለጀማሪ የማልመክረው ለዚህ ነው።

ስንት ሰዓት ላይ ነው ውሃ ላይ መሆን ያለብን?

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ግቡ፣ 5 ሰዓት ላይ ውጡ። በዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ፀሐይ የተራራውን ጎን ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል። በሐምሌና በነሐሴ ከደቡብ የሚመጣ እርጥበት ሲጨመርበት ከሰዓት በኋላ መብረቅ የየቀን ነገር ነው። ጠዋት ጥርት ያለው ሰማይ ከምሳ በፊት ሊጠቁር ይችላል። ሐይቅ መሃል ላይ ያለ ሰው ደግሞ በአካባቢው ካለው ነገር ሁሉ ረጅሙ ነው፣ እጁ ላይም ረጅም መቅዘፊያ ይዟል። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ወደ ቅርቡ ዳርቻ ውጡ፤ የግድ የተነሳችሁበት ቦታ መሆን አያስፈልገውም። ለብቻው የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ፣ መኪና ውስጥ ግቡ። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሱ።

መብረቅ ባይኖርም ነፋስ አለ። ዲለን ላይ ጠዋት ከመቅዘፊያችሁ የሚንጠባጠበው ውሃ እንኳ ይሰማል፤ 8 ሰዓት ላይ ያው ውሃ ነጭ አረፋ እየደፋ ነው። የሸራ ጀልባ ሰዎች የሚወዱት ለዚህ ነው፣ እኛ የምንሸሸውም ለዚሁ። ነፋስ ካለ ስትሄዱ ፊት ለፊት ግጠሙት፣ ስትመለሱ ከኋላ ይግፋችሁ። በተቃራኒው ያደረገ ሰው ሲሄድ «እንዴት ጎበዝ ነኝ» ይላል፣ ሲመለስ ይገባዋል።

እንግዲህ ሌሊቱን እዚያው ማደር ቅንጦት ያልሆነው ለዚህ ነው። ከኦሮራ ጠዋት ተነስቶ፣ በአይ 70 አውራ ጎዳና ሰልፍ ተሰልፎ፣ የአይዘንሃወርን ዋሻ አልፎ ዲለን የሚደርስ ሰው ካያኩን ሲያወርድ ምርጡ ሰዓት አልቋል። ድንኳን ውስጥ ያደረ ግን ቡናውን ይዞ ከደጁ ይገባል።

ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ከፍታ ያመዋል?

«እኛ ደገኞች ነን» የሚለው መልስ ለአንዳንዱ ይሠራል። አዲስ አበባ ከዴንቨር በብዙ መቶ ሜትር ትበልጣለች፣ ከዲለን ግን ታንሳለች። ትናንት ከቦሌ የመጣ እንግዳ ላይሰማው ይችላል። ሃያ ዓመት ዳላስ ወይም ዲሲ የኖረ ዘመድ ግን ሰውነቱ ዝቅታውን ለምዷል፤ የት ተወለደ የሚለው አይረዳውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ከመጣ ምልክቱ ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ ካላችሁ አንድ ሌሊት ዴንቨር ይደር፣ ውሃ ይጠጣ፣ የመጀመሪያውን ምሽት ቢራው ይቅርበት። ካልተሻለው ወይም ትንፋሽ ካጠረው መድኃኒቱ መውረድ ነው።

ፀሐዩም እንደዚሁ። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚለውን የሚያምን ሰው ከውሃው የሚንጸባረቀውን አልቀመሰም። ቅባት፣ ኮፍያ፣ መነጽር።

ካያክ ልግዛ ወይስ ልከራይ? ፈቃድስ?

ሁለት ሦስት ጊዜ ተከራዩ። በዲለን፣ በፍሪስኮና በግራንድ ሌክ የሚያከራዩ አሉ፤ ጃኬትና መቅዘፊያ አብሮ ይሰጣል። ከወደዳችሁት ለአፓርታማ ኑሮ የሚስማማው በአየር የሚሞላው ነው፣ ታጥፎ መኪና ኋላ ይገባል። ከሱፐርማርኬት የሚሸጠው እንደ መጫወቻ ስስ የሆነው ግን ለመዋኛ ገንዳ ነው። በኮሎራዶ በእጅ የሚቀዘፍ ካያክ እንደ ሞተር ጀልባ መመዝገብ አያስፈልገውም። ፊሽካ ያዙ፤ ጃኬታችሁ ላይ እሰሩት።

ካያካችሁን ከአንድ ሐይቅ ወደ ሌላ ከመውሰዳችሁ በፊት እጠቡ፣ አንጠፍጥፉ፣ አድርቁ። ዚብራ መስል የሚባል ባለ ቅርፊት ትንሽ የውሃ ፍጥረት በ2022 ኮሎራዶ ውስጥ ተገኝቷል። አንዴ ከገባ የውሃ ቧንቧ እስከ መድፈን ይደርሳል፣ የሚጓዘውም በጀልባ ላይ ተጣብቆ ነው።

ስለ አቀዛዘፍ ብዙ አልልም። ክንዳችሁ ቶሎ ከዛለ በክንድ እየቀዘፋችሁ ነው፤ ከወገብ ዙሩ። የጣና ታንኳ ቀዛፊ በደንገል ላይ ተቀምጦ ጠዋትና ማታ የሚመላለሰው በትከሻ ጉልበት ብቻ አይመስላችሁ።

የድንኳን ቦታ እንዴት ይያዛል?

በዲለን ዙሪያ ፒክ ዋን፣ ሂተን ቤይ፣ ፕሮስፔክተር የሚባሉ የመንግሥት ካምፕ ቦታዎች አሉ፤ በሻዶ ማውንቴን ደቡብ ጫፍ ግሪን ሪጅ፣ በግራንቢ ሐይቅ ዳር ስቲልዋተር። የሚያዙት ሪክሪኤሽን ዶት ጎቭ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ነው። የብዙዎቹ ምዝገባ 6 ወር ቀድሞ ይከፈታል፤ በዴንቨር ሰዓት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ማለት ነው። ለሐምሌ ቅዳሜ ያን ዕለት በዚያች ደቂቃ ካልተገኛችሁ አለቀ። የእኛ ሰው ግን የሚጠይቀኝ ሐሙስ ማታ «ነገ እንውጣ» ብሎ ነው!

ለእርሱም መልስ አለኝ። አንደኛ፣ የተሰረዘ ቦታ በተለይ ረቡዕና ሐሙስ ብቅ ይላል፣ እየደጋገማችሁ እዩ። ሁለተኛ፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሂዱ፤ ታክሲና ኡበር የምትነዱ ወይም በሆስፒታል ፈረቃ የምትሠሩ ዕረፍታችሁ መሃል ሳምንት ላይ መሆኑ እዚህ ላይ ሀብት ነው። ሦስተኛ፣ በብሔራዊ ደን ውስጥ ነፃ ማደሪያ ይፈቀዳል፣ ብዙውን ጊዜ እስከ 14 ቀን። መጸዳጃ ቤትም ቧንቧም የለም። ከሐይቅና ከወንዝ ቢያንስ 60 ሜትር ራቁ። ዲለን ዳር ባዶ ቦታ አይቶ ድንኳን መትከል ግን ያስቀጣል፤ ነፃው ቦታ በደን መንገዶቹ ላይ ነው፣ የትኛው መንገድ እንደሚፈቀድ የደን አገልግሎቱን ካርታ እዩ።

ሌሊት ምን ያህል ይበርዳል?

ዲለን ላይ ሐምሌ መሃል ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊጠጋ ይችላል። ኦሮራ ውስጥ ኤሲ ከፍቶ የተኛ ሰው ይህን አያምንም፣ አንሶላ ይዞ ይመጣል። ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) ስትገዙ የተጻፈው ቁጥር ፋራናይት መሆኑን እወቁ፤ 20 የሚለውን ውሰዱ። ያ ቁጥር ደግሞ ከሞት የሚያተርፋችሁ እንጂ የሚመቻችሁ ሙቀት አይደለም።

ሰው የሚረሳው ከሥር ያለውን ነው። ቅዝቃዜው የሚመጣው ከመሬት ነው፤ ጥሩ ባግ ይዞ ያለ ምንጣፍ የተኛ እስኪነጋ ይንቀጠቀጣል። ትልቁ የአየር ፍራሽም ውስጡ ቀዝቃዛ አየር ስለሆነ አይረዳም። ሙቀት የሚይዝ የካምፕ ምንጣፍ ግዙ፣ ካልሆነ ወፍራም ብርድ ልብስ ከሥር አንጥፉ። ስትተኙ ደረቅ ካልሲ ቀይሩ።

ድብ አለ?

አለ፣ ጥቁር ድብ። ግሪዝሊ ግን ኮሎራዶ ውስጥ የለም፤ በግዛቱ የታወቀው የመጨረሻው በ1979 ተገድሏል። ጥቁር ድብ እናንተን አይፈልግም፣ የሚፈልገው ወጣችሁን ነው። በርበሬ፣ ንጥር ቅቤ፣ እንጀራ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የፀጉር ቅባት፣ የሕፃን ዳይፐር ሳይቀር ሽታ ያለው ነገር ሁሉ በካምፑ የብረት ሳጥን ወይም በተቆለፈ መኪና ውስጥ ይደር፤ ድንኳን ውስጥ ምንም። የንጥር ቅቤ ሽታ ምን ያህል እንደሚሄድ ከፎቅ ጎረቤታችሁ ጋር የተጣላችሁ ታውቃላችሁ፣ የድብ አፍንጫ ደግሞ ከጎረቤት አፍንጫ የባሰ ነው።

ይበልጥ የምፈራው ሙስን ነው። ፈረስ የሚበልጥ፣ ባለ ሰፊ ቀንድ አጋዘን ነው፤ ከ1978 ጀምሮ ከዩታና ከዋዮሚንግ እየመጣ የተለቀቀው ተራብቶ ግራንድ ሌክ አካባቢ በሽ ነው። ዝም ብሎ ሣር የሚግጥ ስለሚመስል ሰው ሴልፊ ሊነሳ ይጠጋዋል። ጆሮውን ወደ ኋላ ከጣለ፣ የማጅራቱ ፀጉር ከቆመ ሊረግጣችሁ ነው፤ ሩጡ፣ ከዛፍ ወይም ከመኪና ጀርባ ተከለሉ። ጥጃ ያላትን እናት ከሩቁ ሽሹ፤ ውሻም ካላችሁ እሰሩ፣ ውሻን እንደ ተኩላ ነው የምታየው።

ቡና ማፍላት እንችላለን?

ያለ ቡና ማን ይሄዳል? ጥያቄው በምን እሳት ነው የሚለው ነው።

ኮሎራዶ በደረቅ ዓመት ክብሪት ናት። ኢስት ትራብልሰም የተባለው ቃጠሎ በጥቅምት 2020 ተነስቶ ወደ 194,000 ኤከር በላ፤ በአንድ ምሽት ገስግሶ የግራንድ ሌክ ከተማ ነዋሪ ንብረቱን ጥሎ ወጣ፣ እሳቱም ዛፍ የሌለበትን የተራራ ጫፍ ተሻግሮ በሌላው በኩል ወረደ። ዛሬ ወደ ግራንድ ሌክ ስትነዱ የቆሙትን ጥቁር ግንዶች ታያላችሁ። ስለዚህ የእሳት ክልከላ ሲወጣ ማንም እንደ ቀልድ አያየውም፣ ቅጣቱም ከባድ ነው።

ክልከላው ደረጃ አለው። በደረጃ አንድ እሳት የሚፈቀደው በካምፑ ውስጥ በተሠራው የብረት ምድጃ ብቻ ነው። በደረጃ ሁለት እንጨትም ከሰልም ክልክል ነው፤ የሚቀረው መክፈቻና መዝጊያ ያለው ቡታጋዝ ነው። ጀበናችን በቡታጋዝ ላይ ይፈላል፣ ችግር የለም። ታችዋ ሰፋ ያለ ጀበና ያዙ፣ ነፋሱን በሆነ ነገር ከልሉ፣ ቆርቆሮ ጀበና ቢሆን ይመረጣል፤ የሸክላዋን አንድ ዓመት ድንጋይ ላይ ሰብረናት የተሰማንን ሐዘን አልነግራችሁም። ዕጣን ግን በከሰል ፍም ላይ ነው የሚጨሰው፣ በደረጃ ሁለት ያ ፍም እሳት ነው። «ትንሽ ናት» የሚለውን የደን ጠባቂው አይሰማም። ያኔ ያለ ዕጣን ጠጡት፣ የጥዱ ሽታ ይበቃል።

ለመሄድ ባሰባችሁበት ዕለት ጠዋት የወረዳውን የእሳት ደረጃ እዩ፤ በሳምንት ውስጥ ይለዋወጣል።

ምግብስ ምን ይያዝ? የፍልሰታ ጾም ላይ ነን።

ፍልሰታ በፈረንጆች ከኦገስት 7 እስከ 21 ስለሚውል ከካምፕ ወቅቱ እምብርት ጋር ይገጥማል። ብዙ ሰው ይህን እንደ እንቅፋት ያያል፤ እኔ ግን የጾም ምግብ ለካምፕ የተፈጠረ ይመስለኛል። ማቀዝቀዣ የሚፈልግ ሥጋም ቅቤም የለ። ደግሞስ አባቶቻችን ለዘመቻና ለንግድ ሲወጡ የያዙት ስንቅ ምን ነበር? በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ፈረንጁ በውድ የሚገዛው የደረቀ የካምፕ ምግብ ያው ነው። ድርቆሽን በቤት ተዘጋጅቶ በመጣ ቁሌት ላይ ጣል አድርጉት፣ በአምስት ደቂቃ ፍርፍር ነው። በሶ በውሃና በስኳር ተበጥብጦ ካያክ ላይ ይጠጣል። ጾም ካልሆነ ቋንጣውን ጨምሩ።

ከፍታው የሚያበላሸው አንድ ነገር አለ። ዲለን ላይ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው፤ ሲንተከተክ ብታዩትም የሚበቃውን ያህል አልሞቀም። ስለዚህ ድፍን ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ቤት ተቀቅለው ይምጡ። ሽሮና ክክ ምስር ግን ትንሽ ጊዜ ጨምራችሁ ይደርሳሉ። ሽሮ እንኳን 91 ዲግሪ…

ከሐይቁ ውሃ መጠጣት ይቻላል?

ጥርት ማለቱ አያታልላችሁ፣ ጃርዲያ አለው፤ አሜባና ጃርዲያ የሚባለውን ሕመም አገር ቤት የቀመሰ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም። አጣሩት ወይም አፍሉት። ከ2,000 ሜትር በላይ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። በካምፕ ቦታዎቹ ያለው ቧንቧ ከተከፈተ ንጹሕ ነው።

ዲለን ላይ መዋኘት ለምን ይከለከላል?

የዴንቨር የመጠጥ ውሃ ስለሆነ። ግድቡ ያለቀው በ1963 ነው፤ ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ 37 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ ከተራራው ሥር ተሻግሮ ወደ ዴንቨር ይሄዳል። ከሐይቁ ሥር ደግሞ የነባሩ የዲለን ከተማ ቦታ አለ። ሰዎቹ እንዲነሱ ተደርጎ፣ ቤቶች ተጎትተው፣ መቃብሩ ሳይቀር ፈልሶ ወደ አሁኑ ቦታ ሄዷል። እናቴ ለጉብኝት መጥታ ይህን ስነግራት ካያኩ ላይ አማተበችና «ታዲያ የሰው ቀዬ ላይ ነው እንዴ የምንሄደው?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ድምፅ ሳታሰማ ነው የቀዘፈችው።

መዋኘት የሚፈልግ ግራንድ ሌክ ላይ ዳርቻ አለለት። ብርዱን ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

ስልክ ይሠራል?

ዲለንና ፍሪስኮ ላይ ይሠራል፣ ግራንድ ሌክ ከተማ ውስጥም እንዲሁ። የደን መንገዶቹ ላይ ከገባችሁ በኋላ አትቁጠሩበት። ካርታውን አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። ለቤተሰብ የትኛው ሐይቅ፣ የትኛው ካምፕ፣ በስንት ሰዓት እንደምትደውሉ ጽፋችሁ ላኩ፤ ካልደወልኩ በዚህ ሰዓት 911 ደውሉ ብላችሁ ጨምሩበት። አገር ቤት ላሉት ግን ዛሬ ድንኳን ውስጥ ነን ብላችሁ አትላኩ። እኔ አንዴ ልኬ አክስቴ «ቤት ኪራይ ከበዳችሁ እንዴ ልጄ?» ብላ ሌሊቱን ስትደውል አድራለች፤ ስልኩ ደግሞ አይሠራም ነበር።